መቀመጥ ያልተማረው ቀሚስ

የሙታን ልብስ እንዳሻው መወዛወዙ የቀረው በሁለት ሺህ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። አዋጁ አጭር ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ምስለኔውን ያሻውን ጨርቅ ያልብስ፤ የሞተ ሰው ምስለኔ ግን ከገና ወዲያ ነፃ ጨርቅ አይለብስም። ምክንያቱ የመብራት ነገር ነው። ነፃ ጨርቅ በዓይን ቅጽበት ሁሉ «አሁን ወዴት ልውደቅ?» እያለ የሚያስብ ጨርቅ ነውና፣ አንዲት ሟች ሳሎን ውስጥ ቀሚሷን ዘርጋ አድርጋ ዞር ስትል የሚሄደው ኃይል ወፍጮ ያስፈጫል። ከተማው ሙታኑን ከማጥፋት ልብሳቸውን ማድረቅ ይሻላል አለ። ሰውም እሺ አለ። ማን እናቴን አጥፉልኝ ይላል?

ምስለኔ ድሮ የሹም ስም ነበር ይባላል፤ በጌታው ፋንታ የሚቀመጥ። አሁንም ከዚያ አልራቀም። በሰውየው ፋንታ ዕድር የሚቀመጥ፣ ልቅሶ የሚደርስ፣ ስብሰባ ላይ ራሱን የሚነቀንቅ፣ ከብርሃን የተሠራ መልኩ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ምስለኔው አይቀበርም። ሳሎን ውስጥ ጥግ ይዞ ይኖራል፣ ሰው ሲገባ ሰላም ይላል። በሕይወቱ ያላለውን ቃል ግን አይልም።

ነፃውን ጨርቅ ወስዶ ሰውነት የሚከተል ልብስ አድርጎ መመለስ የአስከታዮች ሥራ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከድሮው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጥር ጀርባ ያሉት ሱቆች ሁሉ የእነሱ ናቸው። አስከታይዋ ጨርቁን ምስለኔው ላይ ትጥልና ተወዛውዞ ተወዛውዞ እስኪተኛ ትጠብቃለች፤ በተኛበት ታደርቀዋለች። ከዚያ እያንዳንዷን ስንዝር ለአጥንት ታድላለች፤ ይቺ ለትከሻ፣ ይቺ ለክርን፣ ይቺ ደግሞ ግማሿ ለዳሌ ግማሿ ለጉልበት። ከእንግዲህ ጨርቁ አያስብም። አጥንት ሲሄድ ይሄዳል፣ አጥንት ሲቆም ይቆማል።

መጨረሻ ላይ አቋቋም ይማራል። የምታስተምረውም በራሷ ገላ ነው። እሷ እጇን ስታነሳ ምስለኔው ያነሳል፣ ጨርቁም የዚያን እጥፋት ይይዛል። እልልታ፣ ትከሻ ለትከሻ ሰላምታ፣ ልቅሶ ላይ ደረት መድቃት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚገባው። ያልተማረውን ቢያደርግ ሥጋው በጨርቁ ወጥቶ ይታያል። ነውር ስለሆነም ምስለኔ ልብሱ ያልተማረውን አቋቋም እንዲያደርግ አይፈቀድለትም።

አንድ ነገር ብቻ እንደ ድሮው ሊሆን አልቻለም፤ ነጠላ። የሚከተል ነጠላ ትከሻ ላይ እንደ ቆዳ ይጣበቃል፣ አይንሸራተትም። ገና ካለፈ ጀምሮ የከተማው ሙታን ነጠላቸው ወድቆ አያውቅም። ሕፃናት እንኳ በዚህ ይለዩዋቸዋል። ነጠላዋ ከወደቀባት በሕይወት አለች ይላሉ።

የሻረግ ከአስከታዮቹ ረድፍ ስሟ የሚነሳ ሴት ናት። ሃምሳን አልፋለች፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጧል፣ ዓይኗ ግን ገና መርፌ ነው። የከተማውን ሙታን ግማሹን ያለበሰችው እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። እጇ ሳይነካት የኖረች አንዲት ሟች ብቻ ናት። እሷም በገዛ ሳሎኗ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ማናህሎሽ ናት።

ማናህሎሽ የባሏ የታረቀኝ የፊት ሚስት ነበረች። በሃያ ስምንት ዓመቷ፣ ልጇ ኤልዳና ገና አራት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ታረቀኝ መሪ ጨብጠው ጅቡቲ ድረስ ከነዱት ከመጨረሻዎቹ ሾፌሮች አንዱ ነው። መኪኖቹ በራሳቸው መሄድ ሲጀምሩ ቤት ገባ፣ ቤት ሲገባ ቤቱ ባዶ ሆነበትና የሻረግን አገባ። የሻረግ አልወለደችም። ኤልዳናን አጥባ፣ አብልታ፣ ሹሩባ ሠርታ አሳደገቻት። ሹሩባውን ስትጨርስ የመሃሉን መስመር በትንፋሿ እፍ ትለው ነበር፤ ከማበጠሪያው የቀረ ነገር ካለ እንዲሄድ። ከጆሮዋ በላይ ያመለጠች ፀጉር ካለችም በጣቷ ጫፍ ወደ ኋላ ትሰካታለች። ከዚያ «በይ ሂጂ» ነው።

ታዲያ ልጅቷ «እማዬ» የምትለው መስኮቱ ሥር ያለችውን ነው። የሻረግ «እትዬ» ናት። ማንም ክፋት አስቦ አይደለም፤ ታረቀኝ ከመጀመሪያው እንዲህ አስለመዳት፣ በዚያው ጸና።

ልጆቼ፣ ቅናት እንደ ጥርስ ሕመም ነው። ሥራ ሲበዛ ይረሳል፣ ቁጭ ሲሉ ይነሳል። የሻረግ ቁጭ የምትለው ከራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማናህሎሽ ከመስኮቷ ዞር ትልና «ታሬ፣ በላህ?» ትላለች። በሕይወቷ የምትለው ነበርና። እሱም «በላሁ» ይላታል፣ ፊቱ ትንሽ ሞቅ ብሎ። የሻረግ ሳህኑን ታነሳለች። የሠራችው እሷ፣ ያቀረበችው እሷ፣ የጠየቀችው ግን ማናህሎሽ። አንድ ቀን ይሄንኑ ብትነግረው ታረቀኝ «እሷ እኮ ጥላ ናት» አላት።

«ጥላ ብትሆን ፀሐይ ሲጠልቅ ትሄድ ነበር» አለችው።

ልብሱም ነበር። ማናህሎሽ የለበሰችው ሽንሽኑ የበዛ የሠርግ ቀሚሷን ነው። ነፃ ጨርቅ ስለሆነ ንፋስ በሌለበት ቤት እንኳ ጠርዙ ይንቀሳቀሳል። ነጠላዋ ደግሞ ዘወትር ከግራ ትከሻዋ ወርዶ ክንዷ ላይ ይቀራል፣ እሷም በሁለት ጣቷ አንስታ ትመልሰዋለች። ታረቀኝ ነጠላው ሲወድቅ ያያል። የሻረግ ታረቀኝን ታያለች። እንዲህ ተያይተው ሃያ ዓመት ኖሩ።

አዋጁ ሲወጣ የሻረግ ደስ አላት። ደስ ማለቱንም ለራሷ አልካደችም። እንግዲህ ያ ነጠላ አይወድቅም።

ችግሩ የኤልዳና ሠርግ ጥር ላይ መሆኑ ነው። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ከመውጣቷ በፊት የአባትና የእናቷን ጉልበት ትስማለች። ሁለት ወንበር ይቀመጣል። እናት ከሞተች ወንበሩን ምስለኔዋ ይይዘዋል፤ ሙሽራዋ አየር እንዳትስም ጉልበቱ በሚያርፍበት ላይ ትራስ ይደረጋል። ያሳደገች ካለች ከጎን ሦስተኛ መቀመጫ ይፈለግላታል፤ ከአክስቶች ጋር። ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ነው፤ ደንቡን ያወጣው ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

ቀሚሱን እንድታስከትል የለመናት ታረቀኝ ነው። ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈልግም አላት። ያቺ ቃል ሆዷ ውስጥ ገብታ ተኛች።

በማግሥቱ ሱቋን ስትከፍት፣ በአጠገቧ የምትሠራው ጀሚላ ሰምታ ጠበቀቻት። ጀሚላ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ምላሷ ግን ለጓደኛ አያዳላም።

«ጣውንትሽን ልታለብሺ ነው አሉ» አለች።

«ሥራ ነው» አለች የሻረግ።

«ሥራማ ነው። እኔ ጣውንት ከሆነ የሞተችውን እመርጣለሁ። ወጥሽን አትቀምስብሽ፣ ልብስሽን አትለብስብሽ።»

«አታረጅብሽም እኮ።»

ጀሚላ ወደ ሱቋ ገባች።

የሻረግ ቀሚሱን ሥራ ላይ አዋለችው። ንፋሱን ዘጋች። ሌላው ጨርቅ ቶሎ ይተኛል፤ ይሄኛው እምቢ አለ። ተኛ ስትል ጠርዙ ይነሳል፣ ሽንሽኑ እንደ ውኃ ይሄዳል፣ ነጠላው ይወድቃል። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ፊቷ ቆማ በላይዋ አሻግራ ታያለች። የሻረግ ጥሩ ባልሆነ አወዳደቁ ላይ ልታደርቀው ትችል ነበር። ነጠላውን ጠማማ አድርጎ ለዘላለም ማስቀረት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። እጇ ግን አልታዘዘላትም። ይህች እጅ ክፉ ሥራ ሠርታ አታውቅም፤ ስለዚህ የሻረግ ክፋቷን ባለመሥራት ሠራችው።

ሁሉንም አስተማረችው። መራመድ፣ መዞር፣ እጅ መንሳት፣ እልልታ። ለትከሻው ድርሻ ስታድል እንደዚያ የተጠነቀቀችበት ቀን አልነበረም። መቀመጥን ብቻ ተወችው።

መቀመጥ ያልተማረ ምስለኔ ወንበር አይያዝለትም። ከኋላ ይቆማል፤ ሰፈሩም «ቆሞ ቀር» እያለ ይቀልድበታል። ወንበሩ በሕይወት ላለችው ይለቀቃል። የሻረግ የፈለገችው ይሄንን ነው፤ ያቺን ወንበር፣ የዚያችን ልጅ ግንባር በጉልበቷ ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው እያየ።

ቀሚሱ ቤት ሲገባ ታረቀኝ ብድግ ብሎ ተቀበለ። እህቱ ደብሪቱም ከደሴ ለሠርጉ መጥታ ነበር። ደብሪቱ በሃያ ዓመት ውስጥ የሻረግ ፊት ማናህሎሽን ሳታመሰግን የዋለችበት ቀን የለም። ምስለኔዋ ሳሎኑን ዞረች፣ እጇን አነሳች፣ እልል አለች። ደብሪቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ኤልዳና ትንሽ ቆይታ ትቀመጥ እስቲ አለች።

«ይሄ ቀሚስ አይቀመጥም» አለች የሻረግ። «ሽንሽኑ በዝቷል። ጉልበት ላይ ይሰበራል።»

እንዲህ ያለ ውሸት ለመዋሸት የእጅ ሙያ ይጠይቃል፤ ማንም አልተከራከራትም። ታረቀኝ መስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ወንበር አየ። ኤልዳና ግን የቀሚሱን ጉልበት ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ እትዬን አየቻት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማናህሎሽ መቀመጥ ቀረባት። መስኮቱ ሥር ቆማ ትውላለች፣ ቆማ ታድራለች። ነጠላዋ አይወድቅም። ከራት በኋላ ከላይ ወደ ታች እያየች «ታሬ፣ በላህ?» ትላለች፤ ታረቀኝም ቀና ብሎ እንደ ተማሪ ይመልስላታል። የሻረግ ድሉ ይሄ ነው ብላ ጠብቃ ነበር። አሁን ግን ሴትዮዋ ቆማ ከበፊቱ ረዘመችባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ኤልዳና ሳሎን ውስጥ ብቻዋን፣ ከቆመችው እናቷ ፊት ተንበርክካ አገኘቻት። የቆመ ሰው ጉልበት እንዴት እንደሚሳም እየሞከረች ነው። መጀመሪያ ቀና ብላ ሞከረች፤ ግንባሯ በቀሚሱ ውስጥ አለፈ። ዝቅ አለች። ደግሞ ዝቅ አለች። መጨረሻ ላይ የቀሚሱ ጠርዝ በሚያልቅበት ምንጣፉን ሳመች። ማናህሎሽ በልጅቷ ራስ ላይ አሻግራ መስኮቱን እያየች፣ «ዝናቡ መጣ፣ ልብሱን አስገቡ» አለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

የሻረግ ድምፅ ሳታሰማ ተመለሰች። አዝና ነው እንዳትሉ፣ ልጆቼ፤ ስለ እናንተ ስል እንዲያ ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። የበረታባት ቅናት ነው። የኔ ጉልበት እያለ የዚያችን እግር አቧራ መረጠች አለች በልቧ። ዘንቢሏን እንደያዘች እስከ ቦርከና ድልድይ ሄዳ ተመለሰች፤ የገዛችው ቲማቲም በመንገድ ፈረጠ።

ታረቀኝ ደግሞ በበኩሉ አንድ ነገር አደረገ። ዓርብ ዕለት ጀሚላ ከሱቋ ደጃፍ ጠራቻት። ዘወትር እያሾፈች የምትናገረው ሴትዮ ያን ቀን ቀስ ብላ ተናገረች።

«ባልሽ ቀሚሱን ይዞ መጥቶ ነበር።»

የሻረግ ወደ ደጃፉ ጠጋ አለች።

«መቀመጥ አልተማረም አልኩት። አይችልም አላልኩትም።» ጀሚላ ወደ መንገዱ አየች። «ምክንያቱን አልጠይቅሽም። እኔም በሕይወት ያለች ጣውንት ነበረችኝ። ግን ሰውየው ለመነኝ፣ እሺ አልኩት። ለነገ ምራቴን አስጠርቻለሁ፣ እሷ ትንበረከክልኛለች። በአንድ ከሰዓት ያልቃል።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። አስከታይ ግን ያውቀዋል። ማናህሎሽ በወጣትነቷ ሞታለች፤ ጉልበቷን የሳመ ሰው የለም። ጎንበስ ብሎ ልጅ ከጉልበት ላይ ማንሳት በአካሏ ውስጥ የለም። ስለዚህ ያስተማራት ሰው አጎናበስ የእሷ አጎናበስ ሆኖ ይቀራል። ነገ ጀሚላ ብታስተምራት፣ በሠርጉ ቀን ኤልዳናን የሚያነሷት የጀሚላ ክንዶች ናቸው። የጀሚላ፣ ልጅቷን አንድ ቀን እንኳ አፍንጫዋን ያልጠረገችላት።

የሻረግ ቅናት የሚጨመርበት ቦታ ያለው አልመሰላትም ነበር። አለው።

«ስጪኝ» አለች።

«እህት ዓለም...»

«ቀሚሱን ስጪኝ። እኔ አስተምረዋለሁ።»

በዚያው ቀን ሱቋን ከውስጥ ዘጋች። ወንበር አቀረበች፣ ጭድ የሞላ ጆንያ ጉልበቷ ሥር አስደገፈች። ጎንበስ አለች። ከፊቷ የቆመችው ማናህሎሽም፣ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠችና ጎንበስ አለች። ጨርቁ እጥፋቱን ያዘ፤ ንጹሕ ነበር፣ አንድም ቦታ አልተሰበረም። እቅፉ ግን እቃ ሊያነሳ የጎነበሰ ሰው እቅፍ ነበር። በረድፉ የታወቀ አባባል ነው፤ ጆንያ ያስተማረው እቅፍ ጆንያ ያነሳል። የሻረግ ጆንያውን በእግሯ ገፋችውና ወደ ልጅቷ ደወለች።

ኤልዳና መጣች። ለምን እንደተጠራች አልጠየቀችም። ወንበሩን አየች፣ ምስለኔዋን አየች፣ መጋረጃውን ራሷ ሳበች። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት መልስ እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው።

«ተንበርከኪ» አለቻት የሻረግ።

ተንበረከከች። ግንባሯ ጉልበቷ ላይ ሲያርፍ የሻረግ የምታውቀው ክብደት ነበር፤ ትኩሳት ሲይዛት እዚያው ላይ የምትጥለው ራስ ነው፣ ትንሽ ከበደ እንጂ። ጎንበስ አለች። ልታስተምር ያሰበችው በሠርግ ቤት የተለመደውን ነበር፤ ትከሻ መያዝ፣ መሳም፣ ማንሳት። እጇ ግን ሌላ ቦታ ሄደ። ከጆሮዋ በላይ ያመለጠችውን ፀጉር ወደ ኋላ ሰካችው። ከዚያ በመሃሉ መስመር ላይ እፍ አለች።

ከፊት ለፊታቸው ማናህሎሽ ባዶ አየር ላይ እንደዚያው አደረገች።

ኤልዳና ራሷን አላነሳችም።

«ይሄንን ልሰርዘው» አለች የሻረግ። «ሌላ እናድርግ።»

«ተይው።»

ከቀኝ ደገሙት፣ ከግራ ደገሙት፤ ጨርቅ ከአንድ ጎን ብቻ ካየ አይለምድም። ሁሉም ላይ ያው ሆነ። የሻረግ ጣቷን ልትይዘው ብትሞክርም ጣቷ አልያዝ አለ። ሲጨርሱ ልጅቷ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለእትዬ እግር ሰጥታ።

«መቀመጥ ይችል ነበር» አለች የሻረግ። «አውቄ ነው የተውኩት።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ጉልበቱ ላይ ድርሻ አልታደለም። እዚህ ነው እኮ ያደግሁት፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ለአባትሽ አልነገርሽም?»

ኤልዳና የወደቀውን ጆንያ አቃንታ አቆመችው። «ወንበሩን ከፈለግሽው ብዬ» አለች። «እማዬ ብትቆምም እኔ ዝቅ ማለት እችላለሁ። ምንጣፉ ድረስ ሞክሬ አይቼዋለሁ፣ ይደረሳል። ብቻ እንዳላሳፍራት ብዬ ነው የተለማመድኩት።»

የሻረግ የዚያን ቀን ዘንቢል፣ ድልድዩን፣ የፈረጠውን ቲማቲም አስታወሰች። ልጅቷ አቧራ ስትስም የነበረው ወንበሩን ለእሷ ልትለቅ ነው።

«አሁንም ይቻላል» አለች ኤልዳና። «አጥፊውና ትቁም።»

የሻረግ ማናህሎሽን አየቻት። ሴትዮዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ እጇ ገና በአየር ላይ፣ ከሌለች ልጅ ጆሮ ጀርባ የሌለች ፀጉር እንደሰካች ነበረች። እጁ የማን እንደሆነ ከሁለቱ በስተቀር የሚያውቅ የለም። ብታጠፋው የገዛ ራሷን ማጥፋት ሆነባት።

«ይቅር» አለች። «ሥራዬን አላፈርስም።»

ሠርጉ ደረሰ። ድንኳኑ ሞላ፤ ግማሹ ሰው በአካል፣ ግማሹ በምስለኔ። ታረቀኝ በቀኝ ወንበር፣ ማናህሎሽ በግራ፣ ጉልበቷ ላይ ቀይ ትራስ። የሻረግ ከደብሪቱ አጠገብ፣ ሦስተኛው መቀመጫ ላይ። ኤልዳና የአባቷን ጉልበት ስማ ወደ እናቷ ዞረች፣ ተንበረከከች፣ ግንባሯን ትራሱ ላይ አደረገች።

ማናህሎሽ ጎንበስ አለች። ከጆሮዋ በላይ ያለችውን ፀጉር ወደ ኋላ ሰካች። መሃሉን መስመር እፍ አለች።

ታረቀኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ደብሪቱ የሻረግን ክንድ ጨምድዳ ይዛ፣ «አየሻት? ድሮም እንዲህ ነበረች፣ ልጇን ስታበጥር እንዲህ ነበረች፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። ከኋላ ያለችው ሴትም አዎ፣ አስታውሳለሁ አለች። ሌላዋም አስታወሰች። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ የሻረግ ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችው ሹሩባ ሁሉ በዓይኗ ፊት የማናህሎሽ ሆነ።

የሻረግ ምን ትበል? ባሏን፣ መስኮቱን፣ «እማዬ» የሚለውን ቃል ለምዳ ነበር። አሁን ግን የገዛ እጇን ቀናችበት። እዚያ ማዶ፣ በማያረጅ ክንድ ጫፍ ላይ፣ ጣቶቹ ሳያብጡ ታየዋለች።

ኤልዳና ተነሥታ ወደ እሷ መጣች። ትራስ አልነበረም። ተንበረከከች፣ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ጣለች።

የሻረግ ጎንበስ አለችና በሠርግ ቤት ደንብ ትከሻዋን ያዘች። ጣቷን ከለከለችው። ትንፋሿን ያዘች። አሁን እፍ ብትል የሟችን ትቀዳለች ይሏታል፤ ሃምሳ ዓመት ኖራ በቅጂ ልትከሰስ ነው። «በቃ ተነሽ» አለቻት ቀስ ብላ።

ኤልዳና አልተነሳችም።

ሚዜዎቹ ተያዩ። ከበሮ መቺው እጁን አንስቶ ቀረ። ሙሽራዋ ጭንቅላቷን ትንሽ አዘንብላ፣ ግራ ጆሮዋን ወደ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ከትምህርት ቤት በፊት፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እንደምትጠብቀው አድርጋ። የጠበቀችው ሳይሆንላት የምትነሳ ልጅ አይደለችም። ያሳደገቻት ታውቃለች።

የሻረግ ፀጉሯን ሰካችላት። እፍ አለች።

«አየሽልኝ» አለች ደብሪቱ ለአጠገቧ ሴት፣ ሊሰማ በሚችል ሹክሹክታ። «ዛሬም ትቀናባታለች። የእሷን ነገር ልትቀዳ።»

የሻረግ ሰማች። ቀና ስትል ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ክንዷ ላይ ወደቀ። ከወዲያ ማዶ የማናህሎሽ ነጠላ በትከሻዋ ላይ ንቅንቅ ሳይል ተቀምጧል። ኤልዳና ገና እንደተንበረከከች እጇን ዘረጋች፣ የወደቀውን ነጠላ በሁለት ጣቷ አነሳች፣ ጥለቱን አስተካክላ እትዬ ትከሻ ላይ መለሰችው።

«በይ ሂጂ» አለቻት የሻረግ።